አንጓው ነው ዘሩ፦ ፖቶስ ያለ አበባና ያለ ፍሬ እንዴት ደን ወረረ

ፖቶስ የሌለበት መሥሪያ ቤት ማግኘት ይከብዳል። ከእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ይንጠለጠላል፣ ከመስኮት ደፍ ወደ ታች ይወርዳል፣ ውኃ በተሞላ ጠርሙስ ውስጥ ያለ አፈር ለወራት ይቆያል። መታወቂያው የልብ ቅርጽ ያለው አንጸባራቂ ቅጠሉ ነው፤ አረንጓዴው ላይ ወርቃማ ቢጫ ተረጭቶበታል። ውኃ ቢረሱት ይታገሣል፣ ብርሃን ቢያንሰውም ቶሎ አይሞትም።

ይኸው ትዕግሥተኛ ተክል በስሪላንካ፣ ካንዲ ከተማ ውስጥ በሚገኘው የኡዳዋታ ኬሌ ጥብቅ ደን መሬቱን እንደ ምንጣፍ ሸፍኖ ዛፎቹ ላይ ወጥቷል። በፍሎሪዳም ከወራሪ ዕፅዋት መዝገብ ገብቷል። በሃዋይና በሌሎች ሞቃትና እርጥብ ደሴቶች ከአትክልት ቦታ አምልጦ ጫካ ውስጥ ይገኛል። ይህን ሁሉ ያደረገው አንዲት ዘር ሳይጥል ነው።

ጉዳዩን ዛሬ ማንሳት ያስፈለገው በ2018 የወጣ አንድ ምርምር ስላለ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጥንቸል የተወሰደ ጂን ፖቶስ ውስጥ አስገብተው፣ የቤት ውስጥ አየርን የሚበክሉትን ክሎሮፎርምና ቤንዚን (benzene የተባለውን ኬሚካል እንጂ መኪና የሚሞላውን ነዳጅ አይደለም) የሚሰባብር ተክል ሠሩ። ፖቶስን ከመረጡባቸው ምክንያቶች አንዱ አለማበቡ ነው፤ አበባ ከሌለ የተለወጠው ጂን በብናኝ አማካይነት ወደ ሌላ ተክል አይሻገርም። ክርክሩ ስለ ብናኝ ትክክል ነው። ግንዱ ላይ ቅጠልና ሥር ስለሚወጣበት መገጣጠሚያ፣ ስለ አንጓው፣ ግን የሚለው ነገር የለም፤ ፖቶስን ዓለም ያዳረሰው ደግሞ አንጓው ነው።

የጎደሬ ዘመድ

ፖቶስ የጎደሬ ቤተሰብ ነው። ከ3,600 በላይ ዝርያዎች ባሉት በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ጎደሬ አለ፣ በክፉ ቀን ሥሩ ተቀቅሎ የሚበላው አሞች አለ፣ የአበባ ሻጮች ካላ ሊሊ አለ። የቤተሰቡ መለያ የአበባው አሠራር ነው፦ ጥቃቅን አበቦች በአንድ ሥጋማ ዘንግ ላይ ተጠጋግተው ይበቅላሉ፣ ዘንጉን ደግሞ ቅጠል የመሰለ አንድ ሽፋን ያቅፈዋል። ከካላ ሊሊ ላይ ነጩን ጥቅል ብናነሣ መካከሉ ላይ ቆሞ የምናየው ቢጫ ዘንግ እውነተኛ አበቦቹን የያዘው ነው።

ከቤተሰቡ ብዙዎቹ ዛፍ ላይ የሚወጡ ሐረጎች ናቸው። ኢትዮጵያም የራሷ አላት፤ ኩልካሲያ የተባለው ወገን አንድ ዝርያ በእርጥብ ደኖቻችን ውስጥ ግንድ ላይ ተለጥፎ ይወጣል። ፖቶስ ግን ከሩቅ የመጣ ነው። የትውልድ ቦታው በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ ከታሂቲ አጠገብ ያለችው ትንሿ የሞኦሬአ ደሴት ናት።

ስለ ስሙ አንድ ነገር መባል አለበት። ገበያ ላይ ፖቶስ ይባል እንጂ በሳይንስ ስሙ ኤፒፕረምነም አውሬም ነው። በ1880 ሊንደንና አንድሬ የተባሉ የአትክልት ሊቃውንት መጀመሪያ ሲገልጹት አበባውን ስላላዩ በቅጠሉ ብቻ ፖቶስ ከተባለው ወገን መደቡት። በ1908 የዕፅዋት ሊቁ ኤንግለር ሲንዳፕሰስ ወደተባለው ወገን አዛወረው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አበባ ሲገኝ ራፊዶፎራ ተባለ፤ በ1964 በንቲንግ የተባለ ሌላ የዕፅዋት ሊቅ አሁን ያለበት ወገን፣ ኤፒፕረምነም ውስጥ አስገባው። ይህ ሁሉ መንከራተት የመጣው እነዚህን ወገኖች የሚለያቸው ዋና ምልክት አበባው ውስጥ በመሆኑ ነው። ሲንዳፕሰስ በእያንዳንዱ እንቁላል ቋት ውስጥ አንድ ጽንሰ ዘር ብቻ ይይዛል፣ ኤፒፕረምነም ከአንድ በላይ፣ ራፊዶፎራ ደግሞ ብዙ። አበባ የማይሰጥን ተክል በዚህ መመደብ አይቻልም።

ገዢው ግን ያለ አበባም ሊለየው ይችላል። ብዙ ጊዜ ከፖቶስ ጋር የሚምታታው የልብ ቅጠሉ ፊሎደንድሮን ነው። የፖቶስ ቅጠል ወፈር ያለና ሲዳስሱት ትንሽ ወጣ ገባ የሚል ነው፤ ቅጠሉን ከግንዱ የሚያያይዘው አገዳ በላይኛው ፊቱ ላይ ቦይ አለው፤ አዲሱ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚወጣው ከቀደመው ቅጠል አገዳ እቅፍ ነው። የፊሎደንድሮን ቅጠል ስስና ለስላሳ ነው፤ አዲሱ ቅጠል የራሱ ስስ ልባስ አለው፤ ልባሱ በኋላ ደርቆ ይወድቃል። የአየር ሥሩም ይለያል፦ ፖቶስ በየአንጓው አጭር ጉብታ የመሰለ ሥር ሲኖረው ፊሎደንድሮን ቀጫጭን ሥሮችን በአንድ ቦታ ያወጣል።

አንጓ ውስጥ ያለው

የፖቶስን ግንድ በጣት ቢከተሉት በየተወሰነ ርቀት የሚያብጥ ቀለበት ይገኛል። አንጓው ይህ ነው። እያንዳንዱ አንጓ ሦስት ነገር ይዟል፦ አንድ ቅጠል፣ በቅጠሉ ብብት ውስጥ የተኛ ቡቃያ፣ እና የአየር ሥር ጅማሬ። ሙሉ ተክል ለመሆን ከዚህ የበለጠ አያስፈልግም። ሥሩ እርጥበት ሲያገኝ ይረዝማል። የተኛውን ቡቃያ ያስተኛው ከግንዱ ጫፍ የሚወርደው ኦክሲን የተባለ ሆርሞን ነው፤ ግንዱ ሲቆረጥ ሆርሞኑ ይቋረጥና ቡቃያው ይነቃል። ስለዚህ ሐረጉን መቆራረጥ ለአትክልተኛው ማብዛት ነው፤ ለደን ጠባቂውም እንዲሁ ማብዛት ነው፣ ለእሱ ግን መከራ።

ቆርጦ ለማባዛት የሚፈልግ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ቆንጆ ቅጠል ከነአገዳው ቆርጠው ውኃ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ቅጠሉ ለወራት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፣ ሥርም ሊያወጣ ይችላል፤ ቡቃያ የሚባል ነገር አብሮት ስላልመጣ ግን አዲስ ግንድ አይኖረውም። ትክክለኛው አቆራረጥ ከአንጓው በታች ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ በአልኮል በተጠረገ ስለታም መቀስ ነው። ለአንድ ቁራጭ አንድ አንጓና አንድ ቅጠል ይበቃል፤ ሁለት አንጓ ቢኖረው ይሻላል፣ አንዱ ቢበሰብስ ሌላው ይተርፋልና። አንጓው ውኃ ውስጥ ይግባ፣ ቅጠሉ ከውኃው በላይ ይሁን። ውኃው በየሳምንቱ ይለወጥ። ከ20 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቦታ ሥሩ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ብቅ ይላል፤ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ወደ አፈር ይዛወራል።

ብዙ ከቆየ ችግር አለው። ውኃ ውስጥ የበቀለ ሥር ኦክስጅን የሚያገኘው ከውኃው ስለሆነ አሠራሩ ለስላሳና ተሰባሪ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር አድጎ በድንገት አፈር ውስጥ ሲገባ ብዙው ይሞትና ተክሉ እንደ አዲስ ሥር ማውጣት ይጀምራል፤ ሰዎች «አፈር አልተስማማውም» የሚሉት ይህን ጊዜ ነው። አጭር ሥር እያለው የተተከለው ግን ሳይደናገጥ ይቀጥላል። አፈሩ አየር የሚያስገባ ይሁን፦ ሁለት እጅ የአትክልት አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ ሬድ አሽ የሚባለው የእሳተ ገሞራ ጠጠር። ጣት ሲነከር ከላይ ያለው 3 ሴንቲ ሜትር ሳይደርቅ ውኃ አይጨመር። ፖቶስ ቤት ውስጥ ከሚሞትባቸው ምክንያቶች ቀዳሚው ውኃ መብዛት ነው፤ አፈሩ ውስጥ ያለው አየር በውኃ ሲተካ ሥሩ ታፍኖ ይሞታል፣ ከዚያ አበስባሽ ሻጋታዎች ይገቡበታል። ቢጫ ቅጠል አይተው «ጠማው» ብለው ውኃ የሚጨምሩ ብዙዎች ናቸው። ከመጨመር በፊት ተክሉን ከዕቃው አውጥቶ ሥሩን ማየት ነው፦ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ቡናማ ሆኖ ሲጎትቱት ልጡ ተገፎ ክር ብቻ ከቀረ በስብሷል።

ጠዋት ጠዋት ከቅጠሉ ጫፍ ውኃ የሚንጠባጠበው ግን በሽታ አይደለም። ሌሊት ቅጠሉ ውኃ በማያተንበት ሰዓት ሥሩ የሳበው ትርፍ ውኃ በቅጠሉ ጫፍ ባሉ ቀዳዳዎች ይወጣል።

ልጅ ሆኖ የቀረው ሐረግ

ቤት ውስጥ የምናውቀው ፖቶስ ልጅ ነው። ቅጠሉ ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ጠርዙም ሙሉ። በሞቃት አገር ትልቅ ዛፍ ያገኘው ያው ተክል ግን 20 ሜትር ይወጣል፤ ግንዱ 4 ሴንቲ ሜትር ይወፍራል፤ ቅጠሉ እስከ 1 ሜትር ርዝመትና 45 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይደርስና ጠርዙ ወደ ውስጥ ተሰነጣጥቆ እንደ ተቀደደ ይመስላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው አንድ ተክል ናቸው ቢባል አያምንም።

ልዩነቱን የሚያመጣው የዓመት ብዛት ሳይሆን መውጣት ነው። አሥር ዓመት ከመደርደሪያ የተንጠለጠለ ፖቶስ ልጅ እንደሆነ ይቀራል፤ ግንድ ላይ የወጣው በጥቂት ዓመት ይጎለምሳል። ሥሮቹ ግድግዳ ወይም ግንድ ጨብጠው ወደ ላይ ሲወጡ እያንዳንዱ አዲስ ቅጠል ከቀደመው ይሰፋል፣ ግንዱም ይወፍራል። ሐረጉ መያዣ አጥቶ ወደ ታች ሲንጠለጠል ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፦ ቅጠሉ እያነሰ፣ በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ርቀት እየረዘመ ይሄዳል። ይህ ፍለጋ ነው። ተክሉ ለቅጠል የሚያወጣውን ጉልበት ቆጥቦ ርዝመት ላይ ያውለዋል፣ መሬት ወይም ሌላ ዛፍ እስኪነካ።

በዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ፍለጋው ከዚህም የረቀቀ ነው። በ1975 ስትሮንግና ሬይ የተባሉ ተመራማሪዎች በኮስታ ሪካ ያዩት የሞንስቴራ ዝርያ ችግኝ ከዘሩ እንደወጣ ወደ ብርሃን አይሄድም፤ በአካባቢው ወደ ጨለመው አቅጣጫ ይሳባል። ደን ውስጥ ከመሬት ደረጃ ሲታይ በጣም ጨለማ የሆነው ነገር የወፍራም ዛፍ ግንድ ነው። ግንዱን ካገኘ በኋላ ብቻ ፊቱን ወደ ብርሃን ያዞራል።

ሰፋ ያለ ቅጠል የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ማድረግ ያለበት ተክሉን ማስወጣት ነው፤ ማዳበሪያ መጨመር ይህን አይተካም። ድጋፉ ቅርፊቱ ሻካራ የሆነ እንጨት ይሁን፤ ጽድ ጥሩ ነው፣ ቅርፊቱን የሚጥለው ባሕር ዛፍ ግን ሥሩ የጨበጠውን ይዞ ይወድቃል። ከእንጨቱ ይልቅ እርጥበት የሚይዝ ቃጫ ወይም የዛፍ ሽበት (ሞስ) የተጠቀለለበት ምሰሶ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ሥሩ የሚጨብጠው እርጥብ ነገር ሲያገኝ ነውና። ግንዱ ሲታሰር የአየር ሥሩ ጉብታ ወደ ምሰሶው ይዙር፤ ለስላሳ ክር በሁለት አንጓዎች መካከል ይታሰር እንጂ አንጓውን አይነቅ። ምሰሶው ከደረቀ ሥሩ ጉብታ ሆኖ ይቀርና ተክሉ የተደገፈ ይመስላል እንጂ አልወጣም። ብርሃኑም ሊበቃው ይገባል፤ በጨለማ ክፍል ምሰሶም ቢኖር ለውጡ ትንሽ ነው።

የቅጠሉ ቢጫ ቀለምም ብርሃን ሲያንሰው ይደበዝዛል። ነጭ ወይም ቢጫ የሆነው የቅጠል ክፍል ክሎሮፊሉ ጥቂት ነው፣ ምግብ የሚያበስለው አረንጓዴው ነው። ስለዚህ አረንጓዴ ብቻ ሆኖ የወጣ ቅርንጫፍ ከሌላው ፈጥኖ ያድግና ተክሉን ይወርሰዋል። ዥንጉርጉርነቱን መጠበቅ የሚፈልግ ሰው መጨረሻ ዥንጉርጉር ቅጠል ካለበት አንጓ በላይ ይቁረጥ። ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነውም አይረባም፤ ብቻውን ቢተከል ይሞታል።

ለምን አያብብም

ፖቶስ በራሱ ጊዜ አብቦ የታየው ለመጨረሻ ጊዜ በ1964 እንደሆነ ይመዘገባል። ሰዎች ለረጅም ጊዜ «ቤት ውስጥ ስላልጎለመሰ ነው» ሲሉ ቆዩ፤ 20 ሜትር የወጣው ጎልማሳም አለማበቡን ይህ አያስረዳም። መልሱ በ2016 ወጣ። አበባ እንዲጀመር የሚያደርገው ጂብሬሊን የተባለ ሆርሞን ነው፤ ፖቶስ ውስጥ ይህን ሆርሞን በመጨረሻው ደረጃ የሚሠራው ጂን አይሠራም። ተመራማሪዎቹ ሆርሞኑን ከውጭ ሲረጩለት አበበ። የቀረው የአበባ መንገድ እንዳለ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው፤ የጎደለው መነሻው ነው።

ይህ ጉድለት በዘር ብቻ በሚባዛ ተክል ላይ ቢደርስ ትውልዱ ይቋረጥ ነበር። ፖቶስን ግን ሰው አንሥቶ ከአህጉር ወደ አህጉር በቁራጭ አዳረሰው። ያለ ዘር የሚባዛ ሁሉ የእናቱ ግልባጭ ስለሆነ በዓለም ዙሪያ ያለው ፖቶስ አብዛኛው የአንድ ወይም የጥቂት ተክል አካል ነው። ይህ ድክመቱም ነው፤ አንድ በሽታ አንዱን ከጣለ ሌላውን የሚያድን ልዩነት የለም።

አየር ያጠራል ወይ

የፖቶስ ስም ከፍ ያለው በ1989 ናሳ ባወጣው ጥናት ነው። ጥናቱ ስለ ታሸገ ትንሽ ክፍል ነበር፤ መስኮትና በር ያለው ቤት አልነበረም። በ2019 ከድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ የወጣ ግምገማ 12 ጥናቶችን አንድ ላይ መዝኖ፣ የቤት ተክል በተለመደው የአየር ልውውጥ ያህል እንዲያጠራ በአንድ ሜትር ካሬ ወለል ከ10 እስከ 1,000 ተክል እንደሚያስፈልግ አሰላ። መስኮት መክፈት ይበልጣል። የጥንቸል ጂን የገባበት ፖቶስ በሙከራ ብልቃጥ ውስጥ በ3 ቀን 82 በመቶ ክሎሮፎርም፣ በ8 ቀን 75 በመቶ ያህል ቤንዚን አጥፍቷል፤ ውጤቱ ትልቅ ነው፣ የክፍሉ አየር ግን ቅጠሉ ዘንድ እንዲደርስ ማራገቢያ ይፈልጋል።

ልጅ ወይም የቤት እንስሳ ያለበት ቤት ከዚህ ይልቅ ማወቅ ያለበት መርዙን ነው። ጥሬ ጎደሬ አፍ የሚያሳክከው በምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ፖቶስን ያውቀዋል፤ ሁለቱም ውስጥ በዓይን የማይታዩ የካልሲየም ኦክሳሌት መርፌዎች አሉ። ቅጠሉ ሲታኘክ መርፌዎቹ ከንፈርና ምላስ ይወጋሉ፤ ያቃጥላል፣ ያብጣል፣ ምራቅ ያበዛል። ጎደሬ ተቀቅሎ ይበላል ተብሎ ፖቶስ አይሞከር። ልጅ ካኘከ የቀረውን ከአፉ አውጥቶ አፉን በውኃ ማጠብ፣ ቀዝቃዛ ወተት ወይም ውኃ ማጠጣት፤ እንዲያስመልስ አለማስገደድ። ጉሮሮው ካበጠ ወይም መተንፈስ ከከበደው ወዲያው ወደ ጤና ተቋም። ጭማቂው ዓይን ከገባ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውኃ ይታጠብ። ብዙ ቁራጭ የሚያዘጋጅ ሰው ጓንት ያድርግ።

ደን ውስጥ ሲገባ

ፖቶስ ብርድ አይወድም። ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቅጠሉ ይጠቁራል፤ ስለዚህ በአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከደጅ ያደረ ፖቶስ ይጎዳል፣ ደጋው ላይ ወራሪ ይሆናል ብሎ መስጋትም አያስፈልግም። ሞቃትና እርጥብ የሆነው የደቡብ ምዕራብ ቆላ፣ ቴፒና በበቃ አካባቢ ያለው ደን ግን ሌላ ነው። ኡዳዋታ ኬሌም የተጀመረው በተጣለ ወይም ለጌጥ በተተከለ ሐረግ ነው፤ ሁኔታው ከተመሳሰለ ውጤቱ የማይመሳሰልበት ምክንያት አይታየኝም።

መሬት ላይ የተዘረጋው ፖቶስ ጥላውን ወፍራም ስለሚያደርግ የአገር በቀል ዛፎች ችግኝ ከሥሩ አይነሣም። ዛፍ ላይ የወጣውን ከታች መቁረጥም ብቻውን አይበቃም። የላይኛው ክፍል በእርጥብ አየርና በቅርፊቱ ላይ ባሉት ሥሮቹ ለረጅም ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፣ አዲስ ሥርም ወደ መሬት ይልካል። ስለዚህ ዛፉ ላይ ያለው መጀመሪያ ከቅርፊቱ እየተላቀቀ ይውረድ፣ ከዚያ መሬት ላይ ያለው በእጅ ይነቀል። ዝናብ ከዘነበ ማግስት አፈሩ ሲለሰልስ ሐረጉ ሳይበጠስ ይወጣል፤ በደረቅ አፈር ላይ እየተበጠሰ አንጓውን ውስጥ ይተዋል። በገጀራ መጨፍጨፍ የሚመከር አይደለም፤ እያንዳንዱ ምት ከአንድ ተክል ሁለት ይሠራል። የተነቀለው ወደ ወንዝ ወይም ወደ ብስባሽ ጉድጓድ አይጣል፤ በጥቁር ፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ለፀሐይ ይሰጥ፣ ግንዱ ቡናማ ሆኖ እስኪሟሟ። ከዚያም በየወሩ ተመልሶ ቦታውን ማየት ነው፤ አፈር ውስጥ የቀረች የጣት ርዝመት ቁራጭ አንጓ ካላት አዲስ ቅጠል ይዛ ትጠብቃለች።